የማን ቅዳሜ?

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ምንጣፉ ለሁላችን ይበቃል። ዝናቡ መሬቱን ሳያጠግብ አያባራም፤ እስኪያባራ ድረስ ስለ ኤሴታ ላጫውታችሁ። ያቺ እግሯ አንድ ቦታ የማያርፍ፣ ቆማ የምትበላ፣ ተቀምጣ የምትራመድ የምትመስል ልጅ። አንዳንዶቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋት ደግሞ ዛሬ ታውቋታላችሁ።

ኤሴታ የጋሽ ፔሳሚኖ ልጅ ናት። ጋሽ ፔሳሚኖ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ሲቆጡ ድምፃቸውን ከፍ በማድረግ ፈንታ ዝቅ የሚያደርጉ ሰው። ሹክ ማለት ሲጀምሩ ውሻው እንኳ ከቤት ይወጣ ነበር።

ልጅቷ የምትሠራው እዚሁ ደሴታችን ላይ፣ አፒያ ወደብ አጠገብ ባለ የማቀዝቀዣ መጋዘን ነው። ከጎረቤታችን ደሴት ከፓጎ በመርከብ የሚመጣው ሥጋና ዓሣ፣ ዘመድ ለዘመድ የሚልከው ካርቶን ሁሉ እዚያ ያርፋል። መጋዘኑን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ዓርብ ዓርብ መርከቡ ሲደርስ የጭነቱ መረጃ ይገባለታል፤ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ማንንም አይጠይቅም። የትኛው ክፍል ይቀዝቅዝ፣ የትኛው ይጥፋ፣ ለማን ስልክ መልእክት ይሂድ፣ ሁሉን ራሱ ያደርጋል። የሰጡትን ያምናል። ስህተት ከሰጡትም ስህተቱን በትጋት ይፈጽመዋል።

የኤሴታ ሥራ ከዚያች ቁልፍ በፊት ነበር። ክብደቱ ከሚዛኑ ጋር ይስማማል? ባለቤት የሌለው ዕቃ ገብቷል? ቀኑ ልክ ነው? እሷ «ይለፍ» ሳትል አለቃው እንኳ ቁልፉን አይነካትም።

«ኤሴታ፣ መኪኖቹ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰልፈዋል እኮ!» ይላታል።

«ይሰለፉ ጋሼ። መኪና ቢቆም አይሸትም።»

ይህን ያህል መጠንቀቅ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከእናቷ ለቅሶ ነው። እናቷ ያረፈችው ኤሴታ ገና ተማሪ ሳለች ነበር። እኛ ዘንድ ለቅሶ ለደረሰው ሁሉ ሥጋ ማደል ግድ ነው፤ ቤተሰብ የሚከበረውም የሚዋረደውም በዚያ ነው። ጋሽ ፔሳሚኖ ሥጋውን ከፓጎ አስመጡ። ዓርብ ደረሰ፤ ቀብሩ ሰኞ ነበርና ኮምፒውተሩ ሦስት ቀን እንዲያቀዘቅዝ ታዘዘ። ከፓጎ የተላከው መረጃ ግን ሥጋው የደረሰው ሐሙስ ነው ይላል። የእኛ ዓርብ ለእነሱ ሐሙስ ነዋ! መንግሥታችን ባሕሩ ላይ ዛሬና ነገ የሚለዩበትን የቀን መስመር ካሻገረን ወዲህ ከፓጎ ጋር ሰዓታችን አንድ፣ ቀናችን ግን ሌላ ሌላ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ አላወቀም። ከሐሙስ ቆጥሮ እሁድ ክፍሉን አጠፋው። እሁድ ደግሞ መጋዘኑ ዝግ ነው፤ ማን ይየው? ሰኞ በሩ ሲከፈት የወጣውን ሽታ አልነግራችሁም። ብቻ ጋሽ ፔሳሚኖ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ባዶ እጃቸውን ቆሙ።

ከዚያ ወዲህ ፓጎ የሚባል ስም በቤታቸው አይነሳም። ድንገት ከተነሳም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀን መጻፍ የማያውቁ» ይላሉ፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኤሴታ ከፓጎ የመጣ የባዶ ኮንቴይነር መረጃ ስታይ መስመሩ በሙሉ ቀይ ሆኖ አገኘችው። ደሟ ፈላ። ስልኩን አነሳች።

«ሃሎ! ከአፒያ ነው የምደውለው። ይህን መረጃ የላከው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ፊሌሞኒ እባላለሁ፤ ለሥራው አዲስ ነኝ። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«መርከቡ ቅዳሜ ጠዋት ከዚህ ተነስቶ ዓርብ ማታ እዚያ ደረሰ ብለሃል።»

«አዎ።»

«ምን አዎ ትለኛለህ? መርከብ ወደ ኋላ ይሄዳል?»

«ወደ እኛ ሲመጣማ ይሄዳል። እኛ ገና ትናንት ላይ ነን እኮ፣ እህቴ።»

ልክ ነው። ራሷም ታውቀዋለች። ግን ከኒውዚላንድ የመጣው የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም መድረሻ ከመነሻ አይቀድምም የሚል ደንብ ስላለው ቀይ አሳያት፤ እሷም ቀዩን አይታ ደወለች።

«እኔማ አውቀዋለሁ» አለች ድምፅዋን ሰብሰብ አድርጋ። «ማሽኑ ነው የማያውቀው።»

«ታዲያ ምን ያስቆጣል? እናስተምረዋ!»

ሳቀች። ለሥራ ስልክ አንስታ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። በአጠገቧ ጭነት የምትመዘግበው ፌቱ፣ አፏ የማያርፈው ፌቱ፣ ቀና ብላ አየቻት።

አስተማሩትም። ሁለቱ ተመካክረው፣ አለቆቻቸውን አስፈቅደው፣ አዲስ ደንብ አስገቡ፤ ማንኛውም ቀን የማን ቀን እንደሆነ አጠገቡ ካልተጻፈ አያልፍም። ዓርብ ከሆነ የአፒያ ዓርብ፣ ሐሙስ ከሆነ የፓጎ ሐሙስ። ባዶ ከተተወ ኮምፒውተሩ አይነሳም። ከዚያ ወዲህ ኤሴታ መረጃ ሲመጣላት መጀመሪያ የምትጠይቀው «የማን ቀን?» ብላ ሆነ።

ደንቡ ካለቀ በኋላ ስልኩ አላለቀም። መጀመሪያ ስለ ክብደት፣ ከዚያ ስለ ሚዛን፣ ከዚያ ስለ ምሳ፣ ከዚያ ስለ ምንም።

«ያ ትናንት የሚኖረው ሰውዬሽ ደወለ!» ትላለች ፌቱ፣ መጋዘኑ ሁሉ እንዲሰማ።

ፊሌሞኒ ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነበር።

«እሺ፣ ነገ እንዴት ነው?»

«ነገ ደመና ነው» ትለዋለች በመስኮት እያየች። «ዶፍ ሊወርድ ነው። ዣንጥላ ያዝ።»

ኤሴታ ደግሞ አንድ ልማድ አወጣች። ከእሱ ጋር ስታወራ ቀኑን ሁሉ በእሱ አቆጣጠር ታደርገዋለች። ለራሷ ሐሙስ ሆኖ ሳለ «ዛሬ ረቡዕ አይደል» ትለዋለች። በአፏ ያንን ስትል ከእሱ ጋር አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ቀን ውስጥ የተቀመጠች ይመስላታል። እሱ ይህን ያውቅ ነበር። አልተናገረውም፤ ግን ረቡዕ ባለችው ቁጥር ትንሽ ዝም ይል ነበር፤ እሷም ያንን ዝምታ ትጠብቀው ነበር።

ያልደወለ ቀን ግን አያድርስ። ወንበሯ እሳት ይሆንባታል። ተነስታ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሚዛኑ፣ ከሚዛኑ ተመልሳ ወደ ስልኩ።

«ኧረ ተቀመጪ፤ መሬቱ አለቀ» ትላታለች ፌቱ።

አንድ ዓርብ መርከቡ ሲጠጋ ከጭነቱ ጋር አንድ ሰው ወረደ። ረጅም፣ ሽርጡን በጥንቃቄ የታጠቀ፣ የፊት ጥርሶቹ መሐል ክፍተት ያለው። መሥሪያ ቤቱ አዲሱ ደንብ እንዴት እንደሚሠራ አይቶ እንዲመለስ ልኮት ነው። ኤሴታ በዚያ ቢጫ የሥራ ሰደርያዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየችው። አያት። ማንም ሳይነግራቸው ተዋወቁ።

ዓመት ሙሉ ያወሩ ሰዎች ቃል አጡ። እሱ እግሩን አየ። እሷ ባሕሩን አየች። የዕቃ ማንሻው መኪና ጲጵ ጲጵ እያለ በመሐላቸው አለፈ።

«ኧረ አንዳችሁ ተናገሩ!» አለች ፌቱ። «ስልክ ላምጣላችሁ?»

ፊሌሞኒ ከጀርባው ዣንጥላ አወጣ። ከወዲያ ወዲህ አንድ የደመና ቁራጭ የሌለበት ሰማይ ነበር።

«ነገ ይዘንባል ብለሽኝ ነበር» አላት።

ማታ ከሥራ ሲወጡ በባሕሩ ዳር ግንብ ላይ አብረው ሄዱ፤ በዚያ በጠራ ሰማይ አንድ ዣንጥላ ሥር። ያያቸው ሁሉ ሳቀ። እነሱ ማንንም አላዩም። ክንዷ ክንዱን ሲነካ እግሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ መሄድ ፈለገ።

ፊሌሞኒ ወደ ፓጎ ተመለሰ፤ በዚያው ሳምንት ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ ከቤተ ክርስቲያን ጋሽ ፔሳሚኖ ጆሮ።

«ከፓጎ ነው አሉ» አሉ አባት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አዎ አባዬ።»

«ከዚያው መሥሪያ ቤት?»

«አዎ። ግን እሱ ያኔ አልነበረም…»

«ይበቃል።»

ጋሽ ፔሳሚኖ ብዙ ከመናገር ሥራ የሚቀናቸው ሰው ናቸው። አክላንድ ወዳለችው እህታቸው ደወሉ። ሥራ ተገኘ፤ ቲኬት ተቆረጠ፤ ሰኞ ማታ ልትበር ተወሰነ። ኤሴታ ሥራዋን አስረከበች። ሻንጣዋን አንዴ ታስራለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። ቀሚስ አጥፋ ስታበቃ አውጥታ ትዘረጋዋለች። አባቷን መቃወም አልቻለችም፤ እናቷ ከሄደች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። መሄድም አልቻለችም።

በዚያ ሳምንት ረቡዕ፣ እራት ላይ፣ ጎደሬውን ሳትነካ ተናገረች።

«አባዬ፣ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ። ግን ሳያዩት አይፍረዱበት። እርስዎ ሰው ሳያዩ የሚፈርዱ ሰው አይደሉም።»

አባት እጃቸውን ከሳህኑ አነሱ። ሻንጣውን አዩ። ልጃቸውን አዩ።

«ቅዳሜ ከሰዓት እቀመጣለሁ» አሉ። «አንዴ። ከዘመዱ ጋር በወጉ ከመጣ እሰማዋለሁ። ካልመጣ ሰኞ ትሄጃለሽ፤ ስሙም ከዚህ ቤት ይወጣል። አሁን ደውለሽ ንገሪው። ከዚያ በኋላ ስልክ የለም፤ ወንድ ከሆነ በቃሉ ይምጣ።»

ኤሴታ በባዶ እግሯ ወደ ዳቦ ፍሬው ዛፍ ሮጠች፤ ስልኩ ደህና የሚሰማው እዚያ ነው።

«ሞኒ! አባዬ እሺ አሉ! ቅዳሜ ከሰዓት! ከአጎትህ ጋር!»

«ምን? እውነትሽን ነው? ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ! ካልመጣህ ሰኞ እሄዳለሁ። እስከዚያ ደግሞ ስልክ የለም ብለዋል።»

«እመጣለሁ! እየዋኘሁም ቢሆን!»

ዘጋችው። ዛፉን አቀፈችው። ደስታ እኮ ሰውን ያቻኩላል፤ ምን ይደረግ።

ቅዳሜ መጣ። ግድግዳ የሌለው ሰፊው የእንግዳ ቤታቸው ተጠረገ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ካቫ የሚባለው የእንግዳ መቀበያ መጠጥ ተዘጋጀ፤ በጋለ ድንጋይ የበሰለው አሳማ በቅጠል ተሸፈነ። ጋሽ ፔሳሚኖ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ምሰሶውን ተደግፈው፣ ወደ መንገዱ ዞረው ተቀመጡ። ቤቱ ክፍት ነውና ያለፈው ሁሉ ያያቸዋል።

ኤሴታ ወደ መንገዱ ወጣች። ተመለሰች። ውሃ ቀዳች፤ ውሃው ሞልቶ ነበር። ደግማ ወጣች። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ ሴትዮ ከዶሮ ጋር ወረደች። ሌላ መጣ፤ ሳይቆም አለፈ። ዝንቦቹን ለማባረር ቅጠል አነሳች፤ ቅጠሉን ይዛው መንገድ ላይ ቆማ ራሷን አገኘችው።

«ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ አባት።

«እሺ አባዬ» አለች፤ አልተቀመጠችም።

ጥላው ረዘመ። ጎረቤቱ በመጀመሪያ እየሳቀ፣ ኋላ እያዘነ አለፈ። የማታ ጸሎት መጥሪያው የባሕር ዛጎል ሲነፋ ጋሽ ፔሳሚኖ ተነሱ። ምንጣፉን በገዛ እጃቸው ጠቀለሉት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። እጃቸውን አንድ ጊዜ በልጃቸው ራስ ላይ አድርገው አለፉ።

ኤሴታ ስልኩን አነሳች፣ አስቀመጠች። ስልክ የለም ተብላለች። ደግሞስ ምን ትለዋለች? ያልመጣን ሰው ለምን አልመጣህም ይሉታል? በዚያ ሌሊት ዓይኗን አልከደነችም።

እሁድ ነጭ ለብሳ ለከሰዓት በኋላው ጸሎት ገባች። ሰው ሁሉ ያያታል። ማራገቢያዎች ይንቀሳቀሳሉ። ሲዘመር አፏ ይዘምራል፤ እግሯ ግን ከወንበሩ ሥር መሬቱን ይመታል። ነገ ማታ አውሮፕላን። ነገ ማታ አውሮፕላን። ሌላ ነገር አታስብም።

ፓስተሩ እንደ ወትሮው በሩቅ ላሉ ዘመዶች መጸለይ ጀመሩ። በአክላንድ ላሉት ጸለዩ። በሲድኒ ላሉት ጸለዩ።

«በፓጎ ላሉ ወገኖቻችንም፣ ነገ ለሰንበታቸው ሲሰበሰቡ…»

ነገ።

ኤሴታ ቀና አለች። በፓጎ ሰንበት ነገ ከሆነ፣ በፓጎ ዛሬ…

ዓመት ሙሉ ከእሱ ጋር ስታወራ ቀኑን በእሱ አቆጣጠር አድርጋለታለች። ዓመት ሙሉ! በዚያች ቀን ብቻ የአባቷን ቃል እንደወረደ አንስታ አቀበለችው። ቅዳሜ አለች። የማን ቅዳሜ እንደሆነ አልነገረችውም። እሱም እንደ ልማዷ በእሱ ቀን የነገረችው መሰለው። በየሳምንቱ የማን ቀን እያለች መርከብ የምታቆም ሴት፣ የራሷን ሕይወት ቁልፍ ሳታይ ተጫነችው።

በጸሎቱ መሐል ተነሳች። ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። አባቷ ከፊት ወንበር አዩአት። ወጥታ ሮጠች።

መንደሩ መግቢያ ላይ የሰንበትን ጸጥታ የሚጠብቁት ጎረምሶች ሁለት ሰዎችን አቁመዋል። አንደኛው ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነ፣ የታሸገ ሥጋ ካርቶኖች የተሸከመ ሽማግሌ ነው፤ የፊሌሞኒ አጎት ሴሚሲ። ሁለተኛው የተጠቀለለ የወግ ምንጣፍ በሁለት ክንዱ እንደ ሕፃን አቅፏል።

«ሰንበት ላይ ሸክም ክልክል መሆኑን አታውቁም?» ይላል አንዱ ጎረምሳ።

«የእኔ ወንድም» ይላል ሴሚሲ እያለከለከ፣ «እኔ ከቤቴ ስወጣ ቅዳሜ ነበር። ሰንበቴ ነገ ነው። ከፈለግህ ነገ ምንም አልሸከምም።»

«እዚህ እሁድ ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ! እኛማ ለእሁድ ምሳ የጠሩን መስሎን፣ እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ነው እያልን መጣን። ምሳውም አልፏል መሰለኝ?»

ፊሌሞኒ ኤሴታን አያት። ፊቷን፣ ያበጡ ዓይኖቿን አየ። ወዲያው ገባው።

«ትናንት ነበር» አለ።

«ትናንት ነበር» አለች። «የእኛ ቅዳሜ ነበር። አልነገርኩህም፣ ሞኒ። አልጠየቅሁም።»

«አባትሽ ተቀምጠው ጠበቁኝ?»

«እስኪመሽ።»

የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ወጥቶ መንገዱን ሞላው። ጋሽ ፔሳሚኖ በመሐል መጡ። ፊሌሞኒን አዩት። ምንጣፉን አዩ።

«ትናንት ጠበቅሁህ» አሉ፣ በዚያ ዝቅተኛ ድምፅ።

«ጌታዬ፣ እኔ ገና ቅዳሜ ላይ ነኝ።»

«ዛሬም የፓጎ ቀን» አሉ። ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

ፊሌሞኒ ተከተላቸው። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። እናቱ በብዙ ዘመን የሠራችውን ያንን እንደ ሐር ቀጭን ምንጣፍ ዘርግቶ ራሱ ላይ ጣለው። እኛ ዘንድ ሰው የበደለውን ቤት ይቅርታ የሚለምነው እንዲያ ነው፤ በደጁ ምንጣፍ ተከናንቦ። ባለቤቱ ምንጣፉን ከገለጠለት ታረቀ። ካልገለጠለት እዚያው ይመሽበታል።

«ስለ ትናንቱ ነው» አለ ከምንጣፉ ሥር። «ስለ እናቷ ለቅሶም ነው። ያንን ቀን የጻፍሁት እኔ አይደለሁም፤ የተቀመጥሁት ግን በዚያ ሰው ወንበር ነው።»

ጋሽ ፔሳሚኖ አልዞሩም።

ኤሴታ በአባቷና በምንጣፉ መሐል ቆመች። እንደ ልማዷ እግሯ አላርፍ አለ። ከዚያ አረፈ።

«አባዬ፣ ይስሙኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅዳሜ ብለው ሰጡኝ፣ ቅዳሜ ብዬ አቀበልሁ። የማን ብዬ አልጠየቅሁም። የእማዬ ለቅሶ ጊዜም እንዲሁ ነበር። የፓጎው ሰው አልዋሸም፣ የራሱን ቀን ጻፈ። ከእኛ ወገን አንድ ሰው ሳይጠይቅ ቁልፉን ተጫነ። ትናንት ያ ሰው እኔ ነበርሁ። እሱ ይቅርታ የሚለምን ከሆነ እኔም አለሁበት።»

ይህን ብላ ምን አደረገች መሰላችሁ? የምንጣፉን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ሥሩ ገባች።

እናቶች አፋቸውን ያዙ። እኔ ቅርብ ነበርሁና ሹክሹክታቸውን ሰምቻለሁ።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«ብቻህን አትቀመጥም።»

«ይሞቃል እኮ።»

«ዝም በል።»

ትንሽ ቆይቶ፦

«ኤሴታ… ነገ እንዴት ነው?»

«አላውቅም» አለች። «ዛሬ ብቻ ነው ያለኝ።»

ጋሽ ፔሳሚኖ ጀርባቸውን እንደሰጡ ብዙ ቆዩ። ዓይናቸው ከቤቱ ጎን ባለው የሚስታቸው መቃብር ላይ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት የተሸከሙት ቁጣ ለአንድ ሩቅ አገር ነበር፤ አሁን ያ አገር ደጃቸው ተቀምጦ ያልበዋል፣ ልጃቸውም አብራው። ተነሱ። ጉልበታቸው ተንጣጣ። በቀስታ መጥተው ምንጣፉን በሁለት እጃቸው ገለጡት።

ሁለቱም ፀሐዩ ዓይናቸውን ወግቷቸው አንጋጠው አዩአቸው። ኤሴታ የእሱን እጅ ይዛለች።

«ተነሱ» አሉ። «ዛሬ ሰንበት ነው፤ የጋብቻ ነገር አይወራም። ግን እንግዳ ይበላል። ስለዚያ ነገር ነገ እንነጋገራለን።»

ወደ ቤቱ ሊገቡ አንድ እግራቸውን አነሱ። ቆሙ። ዞረው ጣታቸውን ወደ ፊሌሞኒ ቀሰሩ።

«የእኛ ነገ» አሉ።

ያን ጊዜ መንደሩ በሙሉ ሳቀ። ሴሚሲ ከሁሉ በላይ።

«የእናንተ ነገ የእኛ ሰንበት ነው» አለ። «ሁለት ሰንበት በተከታታይ! ከእንግዲህ እኔ ምንም ኃጢአት የለብኝም።»

«ካርቶኖቹስ?» አለ ያ ጎረምሳ። «ሰንበት ስለተሻረ ለመንደሩ መቀጫ ናቸው።»

«ውሰዱ፣ ውሰዱ! አንዱን ብቻ ለእራት ተዉልን።»

ሰኞ ማታ አውሮፕላኑ ያለ ኤሴታ በረረ። ሻንጣው ተፈታ፤ ከዚያ በኋላ አልታሰረም።

ሠርጉ እዚህ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የጥሪ ካርዱ ላይ ቀኑ አጠገብ «የአፒያ ቅዳሜ» ተብሎ ተጽፏል፤ ያንን ያስጻፉት ጋሽ ፔሳሚኖ ናቸው፤ ካርዶቹ ከመላካቸው በፊት እያንዳንዱን አንስተው ያዩትም እሳቸው። ያኔ በተጠቀለለው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ እንግዳም ሞላ።

በማግሥቱ፣ እሁድ፣ ከጸሎት በኋላ ሙሽሮቹ በትንሿ አውሮፕላን ወደ ፓጎ ተሳፈሩ፤ የእሱ እናት መርከብም አውሮፕላንም የማይስማማት ሴት ስለነበረች ደጇ ላይ ትጠብቃቸዋለች። ሲወርዱ እዚያ ቅዳሜ ነበር፤ ከሰዓት። እናትየው ነጭ ለብሳ፣ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ወደ መንገዱ ዞራ ተቀምጣለች። ኤሴታ መንገዱ ላይ ቆማ አየቻት። ያቺ የጠፋችባት ቅዳሜ፣ ያቺ መንገድ ለመንገድ ስትንከራተት የመሸባት፣ ቆይታ ጠበቀቻት።

«ምነው ቆምሽ?» አላት ፊሌሞኒ።

«ዛሬ ማነው ቀኑ?» አለችው።

«ቅዳሜ።»

«የማን?»

እጇን ያዘ። «የሁለታችን» አላት። ገቡ፤ ተቀመጠች፤ እግሯም አልተንቀሳቀሰም።

ዝናቡ አባራ መሰለኝ። ሂዱ እንግዲህ፣ ልጆቼ። ግን አንድ ቀን የምትወዱት ሰው ቀን ሲቀጥራችሁ፣ ደስታው ቢያቻኩላችሁም፣ ከዛፉ ሥር ሆና ስልኩን የዘጋችውን ያችን ልጅ ለአፍታ አስታውሱልኝ።